ብርሃንን በከሰል የጻፈ ሰው፤ የቪክቶር ሁጎ አጭር የሕይወት ታሪክ

ታላላቅ ሰዎች በዓለም ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቁት በአንድ ሥራቸው ነው። የጦር አዛዥ በድሉ፣ ሊቅ በምርምሩ፣ ደራሲ በመጽሐፉ ስሙ ሲነሣ ይኖራል። ይሁን እንጂ የሕይወት ታሪካቸው በሚገባ ሲመረመር፣ ሕዝብ ካጨበጨበለት ሥራ በስተኋላ ሌላ ጸጥ ያለ ሥራ ተሰውሮ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ከነዚህ ሰዎች አንዱ የፈረንሳዩ ደራሲና ባለቅኔ ቪክቶር ሁጎ ነው። በአገራችን «ምንዱባን» በሚል ስም የሚታወቀውን ታላቅ ልብ ወለዱን ያነበበ ወይም ሲተረክ የሰማ ሰው ብዙ ነው። ይኸው ሰው ግን በሕይወቱ ዘመን ከሦስት ሺህ የሚበልጡ ሥዕሎች በቀለምና በከሰል ሠርቶ ማለፉን የሚያውቅ እጅግ ጥቂት ነው።

እኔም ይህን ያወቅሁት በሥዕል ክፍለ ጊዜያችን አሮጌ የከተማ መንገዶችን በከሰል መሣል በተማርንበት ዓመት ነው። መምህራችን በዚህ ሥራ የታወቁ ሰዎችን ሥዕል እየፈለግን እንድንመለከት ስላዘዙን፣ ከተመለከትኋቸው መካከል ልቤን ከሁሉ ይበልጥ የነካው የሁጎ ሥራ ሆነ። ምክንያቱንም ከሕይወቱ ታሪክ ጋራ አያይዤ ለመጽሔታችን አንባቢዎች፣ ለጓደኞቼም ሆነ ለመምህራንና ለወላጆች፣ ለማቅረብ አስቤአለሁ። ከዚህ በታች የሚነበቡት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቪክቶር ሁጎ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1802 ዓ. ም. በምሥራቅ ፈረንሳይ ቤዛንሶን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሌዎፖልድ ሁጎ በናፖሌዎን ሠራዊት ውስጥ መኰንን ሆኖ ሲያገለግል ቈይቶ በኋላ እስከ ጄኔራልነት ማዕርግ የደረሰ ወታደር ነበር። እናቱ ሶፊ ትሬቡሼ ትባላለች። ሕፃኑ ለቤቱ ሦስተኛ ወንድ ልጅ ሲሆን፣ ሲወለድ እጅግ ደካማ ስለ ነበረ በሕይወት ይቈያል ብሎ ያሰበ አልነበረም ይባላል። አባትየው ከጦር ሜዳ ወደ ጦር ሜዳ የሚዘዋወር፣ ከእናትየውም ጋራ በአሳብ የማይስማማ ስለ ነበረ፣ ልጆቹ አንድ ጊዜ በጣሊያን፣ አንድ ጊዜ በእስፓኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከእናታቸው ጋራ በፓሪስ አደጉ።

ከሕፃንነቱ ዘመን አንድ ነገር ለዚህ ጽሑፍ እጅግ ስለሚጠቅም አልተወውም። አንዲት ጀርመናዊት የቤት አገልጋይ በሕፃኑ አልጋ ራስጌ ላይ የአንድ አሮጌ ግንብ ሥዕል ሰቅላ ነበር። ግንቡ በጀርመን አገር በራይን ወንዝ መካከል የቆመ፣ የአይጦች ግንብ የሚባል ነው። በድርቅ ዘመን እህል ከድሆች የከለከለ አንድ ክፉ ጳጳስ በዚያ ግንብ ውስጥ በአይጦች ተበላ የሚል ተረት አለ። ልጁ ማታ ማታ ከመተኛቱ በፊት ያን ጥቁር ግንብ እያየና ተረቱን እያስታወሰ ያንቀላፋ ነበር። ሰው በልጅነቱ ያየው ጥላ ከአእምሮው አይጠፋም። ሁጎም ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲሆነው በ1840 ዓ. ም. ወደዚያ ስፍራ ሄዶ ግንቡን በዓይኑ አየው፤ በኋላም በትልቅ ወረቀት ላይ ሣለው።

ወደ ወጣትነቱ እንመለስ። ቪክቶር ሁጎ ገና ተማሪ ሳለ ግጥም መጻፍ ጀመረ። በ1822 ዓ. ም. የመጀመሪያው የግጥም መጽሐፉ ሲታተም የሃያ ዓመት ወጣት ነበረ፤ ንጉሡ ሉዊ 18ኛም በሥራው ተደስተው የዓመት አበል ቈረጡለት። በዚያው ዓመት ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቃትን አዴል ፉሼን አገባ። ከዚያ በኋላ ግጥም በግጥም፣ ትያትር በትያትር ላይ እየጨመረ ስሙ በፈረንሳይ አገር ሁሉ ተሰማ። በ1841 ዓ. ም. የፈረንሳይ አካዳሚ አባል እንዲሆን ተመረጠ። ይህን ክፍል በአጭሩ ማለፌ ከመጻሕፍት በቀላሉ የሚገኝ ስለሆነ ነው።

በዚያ ዘመን የነበረችው ፓሪስ ዛሬ በፎቶግራፍ የምናያት ሰፋፊ ጐዳና ያላት ከተማ አልነበረችም። ቤቶቹ ከፍ ከፍ ያሉና ወደ መንገዱ ያዘነበሉ፣ መንገዶቹም ጠባብና ጭቃ የበዛባቸው ነበሩ። ፀሐይ ወደ መንገዱ የምትገባው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር። ማታ ሲሆን ደግሞ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው በተዘረጋ ገመድ ላይ የዘይት ፋኖስ ይንጠለጠላል፤ ነፋስ ሲመጣ ፋኖሱ ሲወዛወዝ የቤቶቹም ጥላ አብሮ ይወዛወዛል። ሀብታሞቹ እነዚህን አሮጌ ሰፈሮች ይጸየፉአቸው ነበር። አሮጌ አብያተ ክርስቲያናትና ግንቦችም በየጊዜው እየፈረሱ ድንጋያቸው ይሸጥ ነበር።

ሁጎ ይህን ነገር ዝም ብሎ ሊያይ አልቻለም። ገና በወጣትነቱ በአፍራሾች ላይ ጦርነት የሚያውጅ ጽሑፍ ጻፈ፤ በ1832 ዓ. ም. ደግሞ አስፋፍቶ አሳተመው። የጽሑፉ ዋና አሳብ፣ የአንድ ሕንፃ ጥቅም የባለቤቱ ቢሆንም ውበቱ ግን የሕዝብ ሁሉ ነው፤ ስለዚህ ማንም በገንዘቡ ስለ ገዛው ብቻ ሊያፈርሰው አይገባም የሚል ነበር። በ1831 ዓ. ም. የወጣው ስለ ኖትር ዳም ካቴድራልና ስለ ደወል ደዋዩ ካዚሞዶ የሚተርከው ልብ ወለድ ከብዙ ክርክር ይልቅ የሰውን ልብ አሸነፈ። አንባቢዎች በታሪኩ ከተማረኩ በኋላ ያረጀውንና የተጐዳውን ካቴድራል በአዲስ ዓይን አዩት። በ1844 ዓ. ም. ላሱስና ቪዮሌ ለ ዱክ የሚባሉ መሐንዲሶች ለእድሳቱ ተመረጡ፤ ሥራውም በ1864 ዓ. ም. ተፈጸመ። ይኸው ካቴድራል ኤፕሪል 15 ቀን 2019 ዓ. ም. በእሳት ተቃጥሎ የዓለም ሕዝብ አዘነ፤ ተጠግኖም በዲሴምበር 2024 ዓ. ም. እንደገና ተከፈተ። አንድ መጽሐፍ አንድን ሕንፃ ከመፍረስ ሊያድን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም።

ሁጎ ሥዕልን በብርቱ የያዘው በጉዞው ጊዜ ነው። በ1839 እና በ1840 ዓ. ም. በራይን ወንዝ ዳርቻ ሲጓዝ በኪሱ ትንሽ ደብተር ይይዝ ነበር። ጠዋት የፈረሰ ግንብ፣ ቀትር ላይ የአሮጌ ከተማ በር፣ ማታ በጨረቃ የሚታይ የጣሪያ ጫፍ ሲያገኝ ቆም ብሎ ይሥላል። በመጀመሪያ ሥዕሎቹ ዓይኑ ያየውን ለማስታወስ የተሠሩ ነበሩ። እየቈየ ግን ማስታወሻው ወደ ሕልም ተለወጠ። ባላያቸው ከተሞች ውስጥ ድልድይ ሠራ፤ በምድር ላይ በሌሉ ኮረብቶች ላይ ሾጣጣ ጣሪያ ያላቸውን ቤቶች ደረደረ። በ1847 ዓ. ም. ገደማ ከሠራቸው አንዱ ድልድዩ የተሰበረ የአንዲት አሮጌ ከተማ ሥዕል ነው። ማንም ሰው ወደዚያች ከተማ ሊሻገር አይችልም፤ ዓይን ብቻ ይሻገራል።

አሁን ስለ ሥራው አካሄድ ጥቂት ልናገር። በከሰል የሚሥል ሰው በብርሃን ፈንታ የሚቀባው ነጭ ቀለም በእጁ የለም። ያለው ጥቁሩ ከሰልና ነጩ ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ከሰል የሚይዝ ሰው ብርሃንን ሊሠራው አይችልም፤ ሊጠብቀው ብቻ ይችላል። በመንገዱ መጨረሻ ላይ የሚታየው የመስኮት መብራት፣ ዝናብ ባራሰው ድንጋይ ላይ ያረፈው ጭላንጭል፣ በግድግዳው ጠርዝ ላይ የወረደው የጨረቃ ብርሃን፣ ሁሉም ከሰሉ ያልነካው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ሸካራ ሲሆን ደግሞ ከሰሉ በጉብታው ላይ ብቻ ያርፍና በጐድጓዳው ውስጥ ትንንሽ ነጭ ነጥቦች ይቀራሉ፤ በዚህም ምክንያት በጥላው ውስጥ እንኳ አየር ያለ ይመስላል። ከሰሉ በጣት ወይም በጨርቅ ሲታሽ ጭጋግ ይሆናል፤ ጠበቅ ተደርጎ ሲጫን የበር ጥልቀት ይሆናል። የጠቈረውን ስፍራ መልሶ ለማንጣት የጥንት ሠዓሊዎች የዳቦ ልብ በጣታቸው እያድቦለቦሉ ይጠቀሙ ነበር፤ እኛም በክፍላችን ሞክረነው በሚገባ ይሠራል።

ሁጎ በከሰል ብቻ አልተወሰነም። የሚጽፍበትን ቀለም በወረቀቱ ላይ ያፈሰዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ወረቀቱን አጥፎ ቀለሙ የሚሰጠውን ቅርጽ ይጠባበቃል። የብዕሩን ጫፍ ብቻ ሳይሆን ላባውንም፣ የተቃጠለ የክብሪት እንጨትም ይሥልበታል። ከሰሉ ላይ ጥቀርሻና የቡና አተላ ይጨምርበታል። ወረቀት በግንብ ወይም በቤት ቅርጽ ይቈርጥና በሥዕሉ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን ያጠቍራል፤ የተቈረጠው ወረቀት ሲነሣ ግንቡ ነጭ ሆኖ ይወጣል። እኛ የቡና አገር ሰዎች ስለሆንን የአተላውን ነገር በቤቴ ሞከርሁት። እናቴ ከጀበናው ሥር የቀረውን ሰጥታኝ በወረቀት ላይ በጨርቅ ቀባሁት፤ ሲደርቅ ልክ ፀሐይና ዝናብ እንደ ተፈራረቀበት አሮጌ የጭቃ ግድግዳ ያለ መልክ ሰጠ። ይህ ሰው በዓለም የታወቀ ደራሲ ሆኖ ሳለ በጠረጴዛው ላይ የተረፈውን ነገር ሁሉ አክብሮ መጠቀሙ አስደነቀኝ።

ወደ ሕይወቱ ታሪክ ስንመለስ ከሁሉ የከፋውን ቀን እናገኛለን። ታላቂቱ ሴት ልጁ ሌዎፖልዲን በፌብሩዋሪ 1843 ዓ. ም. አግብታ ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 4 ቀን እርስዋና ባልዋ በሴን ወንዝ ላይ ቪልኪዬ በሚባል ስፍራ በጀልባ ሲሄዱ ጀልባዋ ተገለበጠችና ሁለቱም ሰጠሙ። ሌዎፖልዲን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። አባትየው በዚያን ጊዜ ከእስፓኝ ጉዞ በመመለስ ላይ ነበረ። ከአምስት ቀን በኋላ ሮሽፎር ከተማ ላይ በአንድ ቡና ቤት ጋዜጣ ሲያነብ የልጁን ሞት በዚያ አየ። መርዶውን የነገረው ሽማግሌ የለም፤ አብሮት ያለቀሰ ዘመድ የለም፤ ልጅቱም አስቀድማ ተቀብራለች። እኛ መርዶ እንዴት ባለ ጥንቃቄ እንደሚነገር የምናውቅ ሰዎች የዚህን ሰው ኀዘን ልንገምተው እንችላለን።

ከዚህ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ያህል ትልቅ መጽሐፍ አላሳተመም። ቃል ያነሰው ሰው ወደ ጥላ ተመለሰ። በዚያ ዘመን የሠራቸው ሥዕሎች ከቀድሞዎቹ ይልቅ ትላልቆችና ጨለማቸው የበረታ ናቸው፤ ከነርሱም መካከል በ1850 ዓ. ም. የሠራው መስቀልና አሮጌ ግንብ የሚታዩበት ሥዕል ይገኛል። ነገር ግን በጥሞና ለሚመለከት ሰው ከነዚህ ሥዕሎች አንዱም ፈጽሞ ጥቁር አይደለም። በአንድ ጥግ የተረፈ ነጭ ስፍራ አለ። ሰውዬው ኀዘኑን ሲያጠቍር ያችን ስፍራ በእጁ ከልሎ የጠበቃት ይመስለኛል።

በዚያው ዘመን ሁጎ ወደ መንግሥት ሥራ ገብቶ ነበር። በ1848 ዓ. ም. የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ተመረጠ። በ1849 ዓ. ም. በምክር ቤቱ ፊት ድህነት ሊጠፋ የሚችል ነገር ነው ብሎ ሲናገር ብዙዎች ተቃወሙት። በፌብሩዋሪ 1851 ዓ. ም. ደግሞ ወደ ሊል ከተማ ሄዶ ሠራተኞች ከነልጆቻቸው የሚኖሩባቸውን ከምድር በታች ያሉ ቤቶች ገብቶ ተመለከተ። ያየውን ለምክር ቤቱ ለመናገር ንግግር አዘጋጅቶ ነበር፤ ግን ሳያሰማው ቀረ። ይህን የምጽፈው፣ ሁጎ የአሮጌውን መንገድ ጥላ ለውበቱ ብቻ የወደደ ሰው እንዳይመስል ነው። በጥላው ውስጥ ሰው እንደሚኖር ያውቅ ነበር።

ዲሴምበር 2 ቀን 1851 ዓ. ም. ሉዊ ናፖሌዎን ምክር ቤቱን በትኖ ሥልጣኑን ሁሉ ያዘ። ሁጎ ሕዝቡ እንዲነሣ ለማድረግ ሞክሮ ስላልተሳካለት፣ በአንድ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ስም በወጣ የይለፍ ወረቀት ከፓሪስ አምልጦ ወደ ብሩክሴል ሸሸ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ጀርዚ ደሴት ተሻገረ፤ ከዚያም በ1855 ዓ. ም. ወጥቶ ገርንዚ በምትባል ደሴት ተቀመጠ። በዚያ በገዛው ቤት አናት ላይ ባለ መስተዋት ክፍል ሠርቶ፣ ባሕሩን እያየ ቆሞ ይጽፍ ነበር። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን የአገሩ ዳርቻ ከሩቅ ይታየው ነበር። በ1859 ዓ. ም. መንግሥቱ ለስደተኞች ምሕረት ባደረገ ጊዜ ሁጎ ነጻነት በፈረንሳይ እስካልተመለሰ ድረስ አልመለስም ብሎ እንቢ አለ። በዚህ ዓይነት ስደቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ብቻ ቀሩት።

በስደት ዘመኑ ከሠራቸው ሥዕሎች አንዱ የተለየ ታሪክ አለው። በ1854 ዓ. ም. በገርንዚ ታፕነር የሚባል ሰው በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት በስቅላት ሊቀጣ ሆነ። ሁጎ የሞት ቅጣትን በሕይወቱ ሙሉ የተቃወመ ስለ ነበረ ምሕረት እንዲደረግለት ጻፈ፤ ልመናው ግን አልተሰማም። ከዚያ በኋላ የተሰቀለ ሰው የሚታይባቸውን ሥዕሎች ሠራ። ሰማዩ፣ ምድሩ፣ ግንዱ ሁሉ ጥቁር ነው፤ ከላይ የወረደች አንዲት ጭላንጭል ብቻ በተሰቀለው ሰው ላይ ታርፋለች። በ1859 ዓ. ም. በአሜሪካ ባርነትን የተዋጋው ጆን ብራውን በተሰቀለ ጊዜ፣ ሁጎ ከነዚህ ሥዕሎች አንዱ በሚስቱ እኅት ባል በፖል ሽኔ እጅ ተቀርጾ እንዲታተም ፈቀደ። ሥዕሉ ስለዚህ ለአንድ ወንጀለኛ ተሠርቶ ለአንድ የነጻነት ሰው መታሰቢያ ሆነ። ሁጎ ብርሃኑን ለሁለቱም አልነፈጋቸውም።

«ምንዱባን» የታተመው በ1862 ዓ. ም. በዚሁ ስደት ላይ ሳለ ነው። እኔ ሥዕሎቹን ካየሁ በኋላ መጽሐፉን እንደገና ሳነብ፣ ደራሲው ከሰል እንደ ያዘ ሰው አድርጎ መጻፉን ተረዳሁ። ዣን ቫልዣን ትንሿን ኮዜትን ይዞ በሌሊት ከመርማሪው ከዣቬር የሚሸሽበትን ምዕራፍ ለምሳሌ እንውሰድ። ጨረቃ ሞልታ መንገዶቹን በጥቁርና በነጭ ከፍላቸዋለች። ቫልዣን በጥላው ወገን ግድግዳ ግድግዳውን እየታከከ ይሄዳል፤ ዓይኑ ግን ብርሃን ያረፈበትን ወገን ይጠብቃል። መውጫ ባጣ ጊዜም የሚያድነው የመንገዱ ፋኖስ የሚወጣበትና የሚወርድበት ገመድ ነው፤ በዚያ ገመድ ልጅቱን ወደ ግንቡ ላይ ይጐትታታል። በሌላ ደራሲ እጅ መንገዱ ታሪኩ የሚፈጸምበት ስፍራ ብቻ በሆነ ነበር። በሁጎ እጅ ግን ጥላው መሸሸጊያ፣ ብርሃኑ አደጋ፣ ፋኖሱ ረዳት ሆነው እንደ ሰው ይሠራሉ።

ከዚህም ሌላ የሚያሳዝን ነገር አለ። ሁጎ እነዚህን መንገዶች በደሴቱ ላይ ሆኖ ሲጽፍ፣ መንገዶቹ ራሳቸው በፓሪስ እየፈረሱ ነበር። ከ1853 ዓ. ም. ጀምሮ ኦስማን የሚባለው የከተማው ገዥ ጠባቦቹን ሰፈሮች እያፈረሰ የዛሬዎቹን ሰፋፊ ጐዳናዎች ይሠራ ነበር። ለእውነት ያህል፣ ከዚህ ሥራ ንጹሕ ውሃ፣ የፍሳሽ መውረጃ ቦይና አየር ለከተማው ተገኝቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ድሃው ከሰፈሩ ተነሥቶ ወደ ከተማው ዳር ተገፋ፤ የብዙ ዘመን ትዝታ ያለባቸው መንገዶችም ስማቸው እንኳ ጠፋ። ሁጎ ወደ አገሩ ገብቶ ሊያያቸው አይችልም። ስለዚህ በልቡ የቀረችውን ፓሪስ፣ እርሱ በወጣትነቱ የተመላለሰባትን፣ እንዳለች አድርጎ በመጽሐፉ ውስጥ አስቀመጣት። ከሰል የያዘ ሰው ነጩን ወረቀት እንደሚጠብቅ እርሱም የፈረሰውን መንገድ በቃል ጠበቀው።

በሥዕሎቹ ግን አይመካም ነበር። ለወዳጆቹ የመልካም ምኞት ካርድ አድርጎ ይሰጣቸው፣ የቀሩትንም በቤቱ ያኖራቸው ነበር። በ1862 ዓ. ም. መጨረሻ ጥቂቶቹ ተቀርጸው በመጽሐፍ መልክ ሲወጡ፣ የፈቀደበት ምክንያት ገንዘቡ ለድሆች ልጆች ምሳ እንዲውል ነው። በዚያ ዓመት በገርንዚ በቤቱ የድሆችን ልጆች በየሳምንቱ እየሰበሰበ ከቤተ ሰቡ ጋራ ያበላ ጀምሮ ነበር።

በ1870 ዓ. ም. የናፖሌዎን 3ኛ መንግሥት ሲወድቅ ሁጎ ሴፕቴምበር 5 ቀን ወደ ፓሪስ ተመለሰ፤ ሕዝቡም በታላቅ ደስታ ተቀበለው። ደስታው ግን ረጅም አልነበረም። በ1871 ዓ. ም. ልጁ ሻርል፣ በ1873 ዓ. ም. ሁለተኛው ልጁ ፍራንሷ ቪክቶር ሞቱበት፤ ባለቤቱም ቀደም ሲል በ1868 ዓ. ም. አርፋ ነበር። በ1871 ዓ. ም. በጋ በሉክሰምቡርግ ቪያንደን በምትባል ትንሽ ከተማ በተቀመጠ ጊዜ አንድ ሥዕል ሠራ። የፈረሰው የከተማዋ ግንብ በሸረሪት ድር ውስጥ ይታያል። ድሩ ቀጭን፣ ግንቡ ግዙፍ ነው፤ ነገር ግን ግንቡ ፈርሷል፤ ድሩ ግን ሙሉ ነው። ደካማው ነገር ከብርቱው ይልቅ ሊቈይ እንደሚችል ያለ አንድ ቃል የተናገረበት ሥዕል ነው ብዬ አምናለሁ።

ቪክቶር ሁጎ ሜይ 22 ቀን 1885 ዓ. ም. በሰማንያ ሦስት ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ዐረፈ። ሃምሳ ሺህ ፍራንክ ለድሆች እንዲሰጥና ሬሳው በድሆች ሠረገላ እንዲወሰድ ተናዝዞ ነበር። ጁን 1 ቀን በተደረገው የቀብር ሥነ ሥርዓት ሁለት ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ እንደ ወጣ ይነገራል። ከአበባው ብዛትና ከወታደሩ ሰልፍ መካከል ያ ጌጥ የሌለው ጥቁር ሠረገላ ወደ ፓንቴዎን ሲሄድ ላየው ሰው፣ ሟቹ የመጨረሻውን የጥላ ሥዕል በፓሪስ ጐዳና ላይ የሣለ ሳይመስለው አልቀረም።

ሥዕሎቹስ ምን ሆኑ? ሁጎ በ1881 ዓ. ም. ባደረገው ኑዛዜ የጻፈውንና የሣለውን ሁሉ ለፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሰጥቶ ነበር። ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1888 ዓ. ም. ሥዕሎቹ በፓሪስ ለሕዝብ ታዩ። ከ1832 እስከ 1848 ዓ. ም. የኖረበት ቤት ደግሞ ወዳጁ ፖል ሜሪስ በሰጣቸው ብዙ ሥዕሎች ተደራጅቶ በ1903 ዓ. ም. ሙዚየም ሆነ። በ2025 ዓ. ም. በሎንዶን የሥዕል አካዳሚ ኤግዚቢሽን ሲደረግላቸው፣ ሰውዬው ከሞተ መቶ አርባ ዓመት ሆኖት ነበር። በወረቀት ላይ የተረጨ የከሰል ዱቄት ከብዙ ድንጋይ ቤት ይልቅ ዕድሜ አገኘ ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድር ነው? አንደኛ፣ ሰው አንድ ስጦታ ስላለው ሌላውን መተው እንደማይገባው ነው። ሁለተኛ፣ ጥበብ የተወደደ ዕቃ እንደማትጠይቅ ነው፤ የምድጃ ከሰል፣ የቡና አተላና አንድ ወረቀት ይበቃታል። ሦስተኛውና ዋናው ግን ይህ ነው። በዓለም ላይ ጥላን ለማብዛት የሚደክም ሰው አይታጣም፤ ጥላው ሳይጠራ ይመጣል። ብርሃን ግን ጠባቂ ትፈልጋለች። ሁጎ በወረቀቱ ላይ አንዲት ነጭ ስፍራ፣ በከተማው አንድ አሮጌ ካቴድራል፣ በመጽሐፉ የተናቁ ሰዎችን፣ በደሴቱ የተራቡ ልጆችን ጠበቀ። ሥራው አራት ቢመስልም አንድ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፣ የእኛም ከተሞች በየዓመቱ መልካቸው ይለወጣል። አያቶቻችን የተመላለሱባቸው መንገዶች፣ የእንጨት ሰገነት ያላቸው አሮጌ ቤቶች፣ የጭቃ አጥሮችና የድንጋይ ደረጃዎች አንዳንዶቹ ፈርሰዋል፤ ሌሎቹም ተራቸውን ይጠብቃሉ። መለወጥ ስላለበት የሚለወጠውን ልናስቀር አንችልም ይሆናል። ሳይታይ እንዳይጠፋ ማድረግ ግን በእጃችን ነው። ፀሐይ ስትገባ ጥላው በሚረዝምበት ሰዓት፣ ከሰልና ወረቀት ይዞ በሰፈሩ መንገድ ዳር ግማሽ ሰዓት የሚቀመጥ ተማሪ ለልጅ ልጆቹ ትልቅ ርስት ያቈያል። ወላጆቻችንም በዚያ ቤት ማን ይኖር እንደ ነበረ፣ በዚያ በር ማን ይገባና ይወጣ እንደ ነበረ ቢነግሩን፣ ሥዕሉ በሰው ታሪክ የተሞላ ይሆናል። በሚመጣው ዓመት መጽሔታችን እንደዚህ ያሉ ሥዕሎች ታትመውበት ለማየት ያብቃን።